አባባ ሸምሱ የማይጥሉት ቁጥር

ባለፈው ሳምንት መታወቂያዬን ፎቶ ኮፒ ላስደርግ ብዬ ቤቴል ከካፌዎቹ መሃል ወደተሸጎጠች አንዲት ጠባብ ኮፒ ቤት ገባሁ። ከፊቴ አንዲት ተማሪ ቆማለች። ከስልኳ የላከችው ወረቀት ከማሽኑ እየወጣ ነው፤ እሷ ደግሞ እየተቀበለች ታነባለች፣ እያነበበች ታጉረመርማለች። "አራት ገፅ ሙሉ ሕግ! ማዘር፣ እስቲ ይዩልኝ፣ ይሄ ትምህርት ነው እስር ቤት?" ብላ ወደ እኔ ዞረች። "ማዘር" መባሉን እኔ ገና አልለመድኩትም፤ ፀጉሬ ግን ቀድሞኝ ለምዶታል። መነፅሬን አውጥቼ ሳይ ከላይ በትልቁ "ኮምፒውተር ኦርጋናይዜሽን" ይላል። ከሥሩ የሚጠበቅባቸው ሁሉ ተዘርዝሯል። ከክፍል የቀረ ለፈተና አይቀመጥም፣ የዘገየ የቤት ሥራ በየቀኑ ነጥብ ይቀነስበታል፣ ስልክ ይዘጋል፣ በኤአይ ያሠራ እንደ ኮረጀ ይቆጠራል። "እኔም ይሄን ኮርስ ወስጄዋለሁ" ስላት ከነጠላዬ እስከ ጫማዬ አየችኝና "ሙድ እየያዙብኝ ነው አይደል ማዘር?" አለች። አልያዝኩባትም። ትኩሱ ወረቀት እጄ ላይ ሲያርፍ ሽታው ይዞኝ ሄዶ ነበር፤ መታወቂያዬን እዚያው ረስቼ ወጥቼ ልጅቷ እየሮጠች ነው ያመጣችልኝ።

በእኛ ጊዜ ሕጉ ሁለት ገፅ ነበር፤ በማባዣ ማሽን ተባዝቶ፣ ቀለሙ ገና ሳይደርቅ ይታደለናል። ያን ወረቀት የነካ ሰው ቀኑን ሙሉ ጣቱ ይጠቁራል፤ ምሳ ቤት ስንገባ አስተናጋጆቹ በጣታችን ያውቁናል። ዓመተ ምሕረቱን ተዉት። እኔም በደንብ አላስታውሰውም፣ ማስታወስም አልፈልግም። የማስታውሰው የአውቶብስ ትኬት ስሙኒ፣ ቦምቦሊኖ አሥር ሳንቲም እንደነበረ ነው። ትከሻው ላይ ስፖንጅ ያለው ጃኬት የለበሰች ሴት የዓለም ንግሥት ነበረች። እኔም አንድ ነበረኝ፣ ቀይ፣ የአክስቴ ልጅ ለብሳ የጠገበችው። በጠባብ የአውቶብስ በር ስገባ ትከሻዬ ከእኔ ቀድሞ ይገባል። አየር ጤና ፌርማታ አጠገብ አንድ ካሴት ቤት ነበር፤ ባለቤቱ አንድ ዘፈን ከወደደ ሳምንቱን ሙሉ እሱኑ ነው። ማጫወቻው ካሴቱን የሚያኝክባት ቦታ አለች፤ እዚያች ላይ ዘፋኙ ሲንተባተብ እኛም ተሰልፈን አብረን እንንተባተባለን። ዛሬ እዚያው ቦታ ፎቅ ቆሟል፣ ከሥሩ ሞባይል ይሸጣል። ከአየር ጤና ወደ ቀራንዮ የሚወስደውን መንገድማ አሁን ላየው ሰው ምን ብዬ አስረዳዋለሁ? ክረምት ሲገባ ጭቃው ጫማ አውልቆ ያስቀር ነበር። አንዷን ጫማዬን በዱላ ቆፍሬ ያወጣሁበትን ቦታ እስከ ዛሬ አውቀዋለሁ፤ አስፋልቱ ላይ ስደርስ እግሬ ራሱ ጠንቀቅ ይላል።

ኮርሱን የሚሰጠን መምህር ዳንኤል የሚባል ቀጭን ሰው ነበር። ቡናማ ኮት አለው፤ ሌላ ኮት ይኑረው አይኑረው ማንም አያውቅም። ድምፁን ከፍ አድርጎ አያውቅም፤ ከሚጮኹት ሁሉ ይልቅ የሚፈራው ግን እሱ ነበር። የመጀመሪያው ቀን ሕጉን ራሱ እያነበበ፣ በየመስመሩ እየቆመ፣ "ገብቷችኋል?" እያለ ጨረሰና ሁላችንንም አስፈረመን። በሩ ከተዘጋ በኋላ ማንኳኳት የለም። እስክሪብቶ አይፈቀድም፤ በእርሳስ ብቻ ነው የሚጻፈው፣ ምክንያቱም "ኮምፒውተር የሚማር ሰው ማጥፋት መልመድ አለበት።" ከሁሉም የከረረው ግን ስለ ቤት ሥራ ያወጣው ሕግ ነው። ተሰብስቦ መወያየት ይቻላል፤ ሲለያዩ ግን ማንም ወረቀት ይዞ አይወጣም። ከውይይቱ በኋላ አንድ ሰዓት ሌላ ሥራ ተሠርቶ፣ ከዚያ እያንዳንዱ ለብቻው ቁጭ ብሎ የቀረለትን ይጽፋል። "ያወቃችሁት ከሆነ ከአንድ ሰዓት በኋላም አለ። ከጠፋ መጀመሪያም የእናንተ አልነበረም" አለን። ሁለት ሰው አንድ ዓይነት ስህተት ከተሳሳተ ግን እንደ ኮረጀ ይቆጠራል፤ ኮርሱ ኤፍ ነው። ትክክለኛ መልስ ለሁሉም አንድ ነው፣ ስህተት ግን የየሰው ነው ብሎ ያምን ነበር።

ከኮልፌ የምንመላለስ ሦስት ነበርን። እኔ ከቀራንዮ፣ ታምራት ከዘነበወርቅ፣ ነፊሳ ከአጠና ተራ። ታምራት ቤተሰቦቹ ከከፋ መጥተው ማር ይነግዱ ነበር፤ ግዙፍ፣ ዓይን አፋር፣ ውሸት የማይችል ልጅ ነው። ነፊሳ ከሦስታችን ጎበዟ ናት፤ ቢሆንም እናቷ ታመው ሆስፒታል በተኙበት ወራት ትምህርቷ ተበላሽቶ ማስጠንቀቂያ ላይ ነበረች። አንድ ኤፍ ካገኘች ከዩኒቨርሲቲው ትሰናበታለች። እናቷም ከዚያ ሆስፒታል አልተመለሱም። ይህን ሁላችንም እናውቃለን፣ ማናችንም አንናገረውም።

ኮምፒውተሩን የምናየው በሳምንት አንዴ ነው፤ እሱም ለስድስት ሰው አንድ፣ ኋላ የቆመ የሚያየው የፊተኛውን ጀርባ ነው። ስለዚህ እኛው ራሳችን ኮምፒውተር ሆንን። ሐሳቡ የነፊሳ ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ እነሱ ግቢ እንሰበሰባለን። እሷ ትዕዛዙን በየተራ ታነባለች፣ ታምራት ይደምራል ይቀንሳል፣ እኔ ቁጥር የተጻፈባትን ቁራጭ ወረቀት ይዤ ከአንዱ ወደ አንዱ እሮጣለሁ። የቀረን ማስታወሻው ነው፤ ቁጥሮቹ የሚቀመጡበት። ለዚያ የነፊሳ አባት አባባ ሸምሱ ተገኙ። አባባ ሸምሱ ዕድሜያቸውን ሙሉ ክር፣ መርፌና የልብስ ቁልፍ ሲነግዱ ኖረው ጉልበታቸው እምቢ ሲላቸው ሱቁን ለወንድማቸው ልጅ ትተው ግቢ ውስጥ ፀሐይ የሚሞቁ ሰው ናቸው። ቁልፍ የሚያስቀምጡበት የእንጨት ሣጥን ነበራቸው፤ ውስጡ በትንንሽ ክፍል የተከፋፈለ፣ ዕንቁ የሚመስለው ለብቻ፣ የካፖርቱ ለብቻ። እኛ በየክፍሉ ላይ ቁጥር ጻፍንበትና ጭናቸው ላይ አደረግንላቸው። "ሦስተኛው ክፍል ውስጥ ምን አለ አባባ?" እላቸዋለሁ። ጎንበስ ብለው ያነባሉ። ደስታቸውን ብታዩ! ነጭ ኮፍያቸውን አስተካክለው፣ ከቅዳሜ እስከ ቅዳሜ ይጠብቁናል። ነፊሳ ከእናቷ በኋላ አባቷ ሲስቁ ያየችው በዚያ ሣጥን ነው።

የዚያን ሰሞን የተሰጠን የቤት ሥራ ረዘም ያለ ነበር። መሃል ላይ ሦስተኛው ክፍል ውስጥ ያለው ቁጥር በአዲስ መተካት አለበት። አዲሱን ወረቀት ሳቀብላቸው አባባ ሸምሱ አሮጌውን አንስተው "ይሄንንስ ምን ላድርገው?" አሉ። "ይሄን ቀደም ብላ የሰጠችኝ አስቴር ናት። አደራ ነው። እኔ አርባ ዓመት ስነግድ የሰው አደራ ጥዬ አላውቅም" አሉ ወደ እኔ እየጠቆሙ። ነፊሳ ለአባቷ "ይጣሉት" የሚለው ቃል ከአፏ አይወጣም፤ "እሺ አባ፣ አጠገቡ ያድርጉት" አለች። ቀጥሎ ከሦስተኛው ክፍል ቁጥር ስንጠይቅ ደግሞ ሁለት ወረቀት ነው ያለው። "የትኛው ይነበብ?" ስንባባል አባባ ሸምሱ ራሳቸው ፈረዱ፦ "ቀድሞ የመጣ ቀድሞ ይስተናገዳል።" ሱቅ ውስጥ እንደዚያ ነዋ። ማሽኑ ቀጠለ፣ መጨረሻ ላይ ሃያ ሦስት ወጣ።

እዚህ ላይ የራሴን ልናገር። ስህተት መሆኑን አውቄ ነበር። ቤተ መጻሕፍት ውስጥ በሁለት ሰዓት ገደብ የሚሰጥ አንድ መጽሐፍ ነበር፤ አዲስ ቁጥር ሲገባ የድሮው ይጠፋል የሚለውን መስመር ሐሙስ ዕለት አንብቤዋለሁ። አፌን ከፍቼ ነበር። የአባባ ሸምሱን ፊት ሳይ መልሼ ዘጋሁት። ትልቅ ሰው፣ ያውም ሐዘንተኛ፣ በራሱ ግቢ "ተሳሳቱ" ይባላል? ሕጉን ግን አከበርን። ወረቀቱን ሁሉ እዚያው ትተን ተለያየን። እኔ ቀራንዮ ደርሼ እናቴን አንድ ሰዓት ሙሉ ምስር ለቀምኩላትና ቁጭ ብዬ ጻፍኩ። እርሳሱ ሃያ ሦስት ላይ ሲደርስ ትንሽ ቆመ። መጽሐፉን ልጠራጠር እችላለሁ፤ አባባ ሸምሱን መጠራጠር ግን ነውር መሰለኝ።

በሳምንቱ መምህር ዳንኤል ሦስታችንን ቢሮው ጠራን። ሦስት ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ደርድሯል።

"ሃያ ሦስት። ሃያ ሦስት። ሃያ ሦስት" አለ፣ በእርሳሱ እየነካ። "መልሱ አርባ አንድ ነው። ክፍሉ ውስጥ የተሳሳተ ብዙ ነው፤ ሃያ ሦስት ያለ ግን ከእናንተ ሌላ የለም። ሕጉ ላይ ፈርማችኋል። ማን ከማን ኮረጀ?"

ነፊሳ የሻርፗን ጫፍ ጨበጠች። ታምራት ወደፊት አንድ እርምጃ መጣና "እኔ ነኝ የኮረጅኩት" አለ።

"ከየትኛዋ?"

ታምራት ይህን አላሰበበትም። እኔን አየ፣ ነፊሳን አየ። "ከ... ከሁለቱም።"

መምህር ዳንኤል ሊስቅ ምንም አልቀረው፤ ግን አልሳቀም። "ነገ ስማችሁን ለሬጅስትራር እልካለሁ" ብሎ ወረቀቶቹን ሰበሰበ። ያኔ ነፊሳ "መምህር፣ የአባቴ ጥፋት ነው" አለችና ወዲያው አፏን በእጇ ያዘች፤ አባቷን የከሰሰች መሰላት። ሣጥኑን፣ አደራውን፣ ቀድሞ የመጣ ቀድሞ ይስተናገዳል የሚለውን፣ ሁሉንም እያለቀሰች ነገረችው። እሱ መስኮቱን እያየ ሰማ። "ብዙ ሰበብ ሰምቻለሁ" አለ በመጨረሻ። "ይሄን ግን ማንም ፈጥሮ አያመጣውም። ቅዳሜ እመጣለሁ፤ ቤታችሁ የት ነው?"

ቅዳሜ መጣ፤ ቡናማ ኮቱን እንደለበሰ፣ ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚቱ ወጥቶ። አባባ ሸምሱ ሊነሱ ሲሞክሩ "ኧረ በአላህ አይነሱ አባባ" ብሎ በርጩማ ስቦ አጠገባቸው ተቀመጠ። ሻይ ጠጣ። ልጃቸው ላይ ምን እንደተንጠለጠለ አልነገረም፤ "እስቲ ማሽናችሁን ልየው ብዬ ነው" ብቻ አለ። ከዚያ የነፊሳን ቦታ ይዞ ትዕዛዙን ራሱ ማንበብ ጀመረ። ታምራት ደመረ፣ እኔ ሮጥኩ። ሦስተኛው ክፍል ጋ ደረስን።

"አባባ፣ ይሄን አዲሱን እዚያ ያስገቡልኝ" አለ።

አባባ ሸምሱ አሮጌዋን ወረቀት አንስተው አሳዩት። "ይቺን የሰጠችኝ ይቺ ልጅ ናት። መጥታ ብትጠይቀኝስ መምህር?"

"አትጠይቅዎትም።"

"እሷ አልነገረችኝም።"

"አባባ፣ ማሽኑ... አዲስ ሲገባ የድሮውን ይጥለዋል።"

"ይጥለዋል?" አሉ አባባ ሸምሱ፣ ሲጋራ ያጨሰ ልጅ እንዳዩ ዓይነት። "የተቀበለውን?"

መምህር ዳንኤል አፉን ከፈተ። ወረቀቷን አየ፣ የሽማግሌውን ዓይን አየ። ክፍል ውስጥ ስልሳ ሰው በአንድ ዓረፍተ ነገር ጸጥ የሚያሰኝ ሰው ኮቱን መነካካት ያዘ። "እ... እሺ፣ ለጊዜው አጠገቡ ያድርጉት" አለ። ታምራት ሳል እንደያዘው ሆኖ ወደ ግድግዳው ዞረ። ማሽኑ ሄደ ሄደና ሃያ ሦስት ላይ አረፈ። መምህሩ ያን ቁጥር በራሱ እጅ ጻፈውና ለረጅም ጊዜ አየው።

በር ድረስ ሸኘነው። "አልኮረጃችሁም" አለ። "ሕጉ የተጻፈው ለሌላ ዓይነት ሰው ነው፤ እናንተን አይነካችሁም። ግን ሃያ ሦስት ስህተት ነው፣ ለስህተት ነጥብ አልሰጥም። የሦስታችሁም ዜሮ ነው።" ቀጥሎ ነፊሳን ብቻ አየና "የመጨረሻው ፈተና ላይ ከዚህ ነገር ጥያቄ ይወጣል። ያን ከሳትሽ ኮርሱ ላይ ትወድቂያለሽ፤ ያኔ እኔም ምንም ላደርግልሽ አልችልም" አላት። ነፊሳ አባቷ እንዳይሰሙ ልትደብቅ ነበር፤ ግን አባባ ሸምሱ የጠየቁት ታምራትን ነው፣ ታምራት ደግሞ ውሸት አይችልም። ሁሉንም ነገራቸው። ሣጥኑን ከጭናቸው አውርደው ወደ ቤት ገቡ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ አንሄድም ተባብለን ነበር፤ አፍረናል። ነፊሳ ግን "አባ ጥሪያቸው ብለውኛል" ብላ ላከችብን። ስንደርስ አባባ ሸምሱ ኮፍያቸውን አድርገው፣ ሣጥኑን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው ይጠብቁናል። "ኑ፣ መጣል አስተምሩኝ" አሉ።

ጀመርን። ሦስተኛው ክፍል ጋ ስንደርስ አሮጌዋን ወረቀት ያዙና ጠበቁ። ነፊሳ "አባ፣ እሷን እስቲ... ወደ ዳር..." ብላ ቆመች። እንደገና ሞከረች፤ እንባዋ መጣ እንጂ ቃሉ አልመጣም። ታምራት ጣሪያውን ቆርቆሮ በቆርቆሮ ይመረምራል። "አባባ፣ እኔ የዚያን ቀን አውቅ ነበር" አልኩ። "መጽሐፉ ላይ አንብቤዋለሁ። እርስዎን ላለማስከፋት ብዬ ነው ዝም ያልኩት።"

ነፊሳ ቀስ ብላ ዞራ አየችኝ። ያን አስተያየት አልረሳውም፤ ቁጣ አልነበረበትም፣ ቢኖርበት ይሻለኝ ነበር።

አባባ ሸምሱ "ስለዚህ እኔን አከበርሽና ልጄን ጣልሻት" አሉ። ይህን ሲሉ እንኳ አልጮኹም። ወረቀቷን ወደ እኔ ከፍ አደረጓት። "በይ አስቴር፣ አሁን ተናገሪ።"

"አባባ፣ ይጣሉት" አልኩ። ድምፄ አልወጣም።

"አልሰማሁሽም፤ ጆሮዬም እንደ ጉልበቴ ነው።"

"ይጣሉት!" አልኩ። ካሰብኩት በላይ ጮኼ ነበር፤ የጎረቤት ሴትዮ ከአጥሩ በላይ ብቅ ብላ አየችን። አባባ ሸምሱ "ቢስሚላህ" ብለው ጣቶቻቸውን አላቀቁ። ወረቀቷ መሬት ላይ ወደቀች። ትንሽ አይተዋት "ቀጥዪ" አሉ። ያን ቀን ስንት ጊዜ እንደጮኽኩባቸው አልቆጠርኩም። አንዳንዴ ይረሱና ወረቀቷን መዳፋቸው ውስጥ ይደብቋታል፤ "አባባ፣ አየሁዎት!" እላለሁ፤ እንደተያዘ ልጅ ስቀው ይለቃሉ። አመሻሽ ላይ ማሽኑ አርባ አንድ ሲል ታምራት ሽማግሌውን ከነሣጥናቸው አቀፋቸው። ነፊሳ ግን ቀኑን ሙሉ አላናገረችኝም፤ ፈተናው እስኪያልፍ ድረስም አውቶብስ ላይ ከታምራት ወዲያ ማዶ ነበር የምትቀመጠው።

ውጤቱ የተለጠፈ ቀን ሰሌዳው ፊት ሰው ተጋፍቶ ነበር። ታምራት በቁመቱ ከሁሉም በላይ አይቶ "ነፊሳ፣ ሲ! ሲ ነው ያገኘሽው!" ብሎ ጮኸ። ከዚያ ሁሉ ሰው መሃል እሷ ወደ እኔ መጣችና አጠገቤ ቆመች።

"ፈተናው ላይ ያቺ ጥያቄ ጋ ስደርስ" አለችኝ፣ ሰሌዳውን እያየች፣ "ጆሮዬ ላይ የመጣው አባቴ ላይ ስትጮኺባቸው ነው።" እጄን ያዘችኝ። "ይቅር ብዬሻለሁ።"

ለጩኸቴ ይሁን ለዝምታዬ፣ እስከ ዛሬ አልጠየቅኋትም።